ዝናብ ስንት ይመነዘራል

ታይዋን ገበያ፣ ከሰዓት ጠጋኙ በር፣
የጅቡቲ ፍራንክ ስቆጥር፣ ላስቲክ ሳስር፣
አንዲት ሴት ዘረጋች የማላውቀው ብር፤
አረንጓዴ፣ ልስልስ፣
ጨምድጄ ብለቃት ተዘርግታ የምትመለስ።

ሰኔ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
የከዚራ ጥላ እንኳ ጥላ ፍለጋ ወጥቷል።
«ከየት ነሽ?» አልኳት፤ እንግሊዝኛዬ ሰባራ ነው።
«ከቦትስዋና፣ ከማውን፤ ሥራዬ ውሃ መለካት ነው።»
ስሟ ኦናሌና። ደቻቱን ልታይ መጥታለች፤
የታጠፈ ካርታ ከብብቷ ሸጉጣለች።

«ይቺ ብርሽ ማን ትባላለች?»
«ፑላ» አለች። «ፑላ ማለት ዝናብ ነች።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስመነዝር ኖሬ፣
ዝናብ በእጄ ይዤ አላውቅም እስከ ዛሬ።
«ሳንቲሙስ?» ብላት «ቴቤ» ትለኛለች፤
ትርጉሙ ጋሻ ነው፣ በጣቷ ክብ ሠራች።
መቶ ጋሻ ቢደመር አንድ ዝናብ ይወጣል።
እኔ ዘንድ ይሄ ሒሳብ በምን ዋጋ ይመጣል?

ዱካ ሳብኩላት፤ ሀብሀብ አስቆረጥኩ።
ሳቀች።
«ካላሃሪ ውስጥ ይሄ ዱር በቀል ነው» አለች፤
«የዘራው የለም፣ ያጠረው የለም፤ አሸዋ ላይ ተጋድሞ፣
መንገደኛን ያጠጣል እንደ እንስራ ቆሞ።»

ከዚያ ስለ ወንዟ። ፍሬውን እየተፋች፣
በጣቷ ጠረጴዛዬ ላይ በጭማቂው እየሳለች፦
«ኦካቫንጎ ባሕር አያውቅም።
አንጎላ ደጋ ላይ ይዘንባል፣ እኛ አንሰማም፤
ውሃው ተነሥቶ ወራት በእግሩ ይሄዳል፤
እኛ ጋ ሲደርስ ሰማዩ ከደረቀ ቆይቷል።
ልክ አሁን፣ በዚህ ወር፣ ደመና በሌለበት፣
ጎርፉ ይገባል በዝግታ፣ እንደ አማች ወደ ቤት።
ልጆች እንጨት ይተክላሉ ከአሸዋው ላይ ወጥተው፣
ዛሬ ስንት ጣት ቀረበ ሊሉ፣ ቁጭ ብለው።
ከዚያ ይበተናል፣ በብዙ ክንድ ተከፍሎ፣
እዚያው በረሃ ይቀራል፣ ሳር አብቅሎ።»

ዝሆኖቿን ነገረችኝ። የጨው ሜዳውንም፣
ቆመህ ብታይ አድማሱ አይታወቅም።
«ተናጋሪም ንግግሩን ሲጨርስ
‹ፑላ!› ይላል፤ ሕዝቡም ‹ፑላ!› ብሎ ነው የሚመልስ።»
አልበቃትም፤ ተነሥታ ጮኸች፦ «ፑላ!»
ሰዓት ጠጋኙ መነጽሩን አወረደ። ባጃጅ ቆመ።
ማንም አልመለሰ።

እኔም አልመለስኩ።

ጎርፍ በዝግታ?
የእኛው በሐምሌ ማብቂያ መጣ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
የዘነበው ደንገጎ ነው፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጠብታ።
የሰው ዝናብ ነው የመጣብን። እንደ እነሱ።
ግን ወራት አልተጓዘም፤
እንጨት የምንተክልበት ጊዜ አልሰጠንም።
አክስቴ ሩቂያ አልተገኘችም።
የስፌት መኪናዋን ከታች፣ ከአሸዋው አወጣናት፤
መርፌዋ ላይ ቀይ ክር አለባት።

ይህን ለማንም አላወራሁም፤ ለእሷ አወራሁት።
አይዞህ አላለችኝም።
«ስምንት ሰዓት ነው ያልከኝ? ውሃው የት ደረሰ?» አለችኝ።
ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጭንቅላቴ በላይ፣ አሳየኋት።
ሜትሯን ዘረጋች። ለካች። ጻፈች።
ስትጽፍ እጇ ቀስ አለ።

«ታዲያ ስንት ትመነዝርልኛለህ?»
የዝናብ ዋጋ ሰሌዳዬ ላይ የለም።
የባጃጅ ሰጠኋት፣ ፑላዋን አልመለስኩም፤
እሷም አልጠየቀችም።

አመሻሽ ላይ ደቻቱ ወርዳ አየኋት፣
በደረቁ አሸዋ መሀል እንጨት ስትተክልበት።

በማግስቱ ባልፍ እንጨቱ ቆሟል፤
አንዱ ፍየሉን አስሮበታል።